በሰማንያ ቀኔ

ዴልፍት ከተማ ውስጥ፣ ደጃፌ ላይ ውሃ አለ፤
አጥር የለው፣ በር የለው፣ ተንጋሎ የዋለ፣
ዳክዬ ያሳፈረ፣ የሰማይ ቁራጭ ያዘለ።
ለጎረቤቶቼ ጌጥ ነው፤ ለኔ ግን
ወንድሜን ውጦ፣ እንዳልዋጠ ዝም ያለ።

በዝዋይ ሐይቅ ነበር፣ ከደሴቷ ስንመለስ፣
ይልቃል ዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ ልደርስ፤
ታንኳዋ አንዴ አዘመመች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤
የጨበጥኩት ጣቱ ሆነ መሰናበቻ።
ከዚያ ወዲህ ለኔ ውሃ ማለት አፍ ነው፤
ባልዲ ሙሉ እንኳ ቢሆን፣ ሲያየኝ የሚከፍተው።

ባለፈው መስከረም የናሆም ኳስ ሄደ፣
ተንከባሎ ተንከባሎ ቦዩ ውስጥ ወረደ።
ልጄ ተንበርክኮ እጁን ወደ ውሃው ሰደደ።
እኔ መስኮት ላይ ነኝ። እግሬ አልተራመደ፤
ድምፄም አልወጣልኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ራደ።
የጎረቤት ሽማግሌ በመጥረጊያ እጀታ
ኳሱን ስቦ አወጣ፣ ሰጠው በፈገግታ።
እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ ጌታ።
«እግሬን ስጠኝ» አልኩህ፣ ሳሎን ተደፍቼ፣
«ፍርሃቴን ውሰድልኝ» ማለቱን ፈርቼ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሯልና፣
ቢሄድ ማን ሆኜ እንደምቀር አላውቀውምና።

ሰኞ ምሽት፣ መዋኛው ክሎሪን ይሸታል።
የስድስት ዓመት ልጅ ከጎኔ ይስቃል፤
«እናት ነሽ አይደል? እንዴት አትዋኚም?» ይላል።
አሠልጣኟ ማሬይከ ማተቤን አየችና
«ይወልቃል?» አለችኝ። «አይወልቅም» አልኩና
አሳጥሬ አሰርኩት። ትከሻዋን ሰበቅ አርጋ
«በይ ተንጋለዪ» አለች፤ «ራስሽ እኔ ጋ።
አትታገዪው፣ ተኚበት፤ ውሃ የሚሸከመው
እጁን ዘርግቶ፣ ራሱን ለሰጠው ነው።»
እምነት የለኝም ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤
የዚያን ምሽት ስብከቷን ግን እስካሁን ይዤዋለሁ።

ስምንት ወር ሰመጥኩ። በአፍንጫ፣ በጆሮ
ውሃ ጠጣሁ፤ ቤቴ ገባሁ ከነእሮሮ።
ጴጥሮስን አሰብኩት፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ዋና አዋቂው፣ ነፋስ አይቶ ፈራ፤
ያኔ ረጅም ጸሎት የለም፤ «አድነኝ» ብሎ ተጣራ።
እኔም ያችኑ ቃል፣ ከአረፋ ጋራ።

የፈተናው ቀን መጣ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦
ከነልብስ፣ ከነጫማ ውሃ ይገባል፤
(ሰው ቦይ ውስጥ ሲወድቅ መቼ ልብስ ያወልቃል?)
ከዚያም እታች፣ እጥልቁ ጋ፣ ሸራ ተወጥሯል፤
መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ በዚያ ይታለፋል።
ዘጠኝ ሕፃናት አለፉ፣ እንደ ዓሣ ሾልከው።
ዐሥረኛዋ እኔ ነኝ። ናሆም ዳር ላይ ቆሞ
ፎጣዬን አቅፎታል፤ ሊያለቅስ ነው ደግሞ።

ገባሁ።
ሱሪዬ ከበደ። ጫማዬ ወደ ታች ጠራኝ።
ሸራው ፊቴ ተገተረ፤ ቀዳዳው አፍ ሆኖ ታየኝ።
እዚያው፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤
ትዝ አለኝ ልበል እንጂ፣
እናቴ የነገረችኝ ነው፣ ትዝታው የኔ አይደለም፦
በሰማንያ ቀኔ፣ የክርስትና ስሜ ገና ሳይወጣልኝ፣
ቄሱ ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ አደረጉኝ።
ጩኸቴ ከደጀ ሰላም አልፎ ተሰማ አሉ፤
ዋና አላውቅ፣ አልታገልኩ፤ እጆቼ ጭብጥ እንዳሉ።
የያዘኝ ሌላ ነበር።

ይልቃልንም በአርባ ቀኑ
እነዚያው እጆች ነክረው አውጥተውታል።
ታዲያ ዝዋይ ላይ የት ነበሩ?
ጠይቄሃለሁ፣ ጌታ። መልስህን እየጠበቅሁ ነው።
እየጠበቅሁ ግን ልዋኝ።

አለፍኩ።
ጨርቁ ትከሻዬን ነካ፣ እንደ ሰው እጅ ለስልሶ።
ማሬይከ ወረቀቷ ላይ አንድ ጭረት ጻፈች።
ፍርሃቴስ? አልሰመጠም፤ ከኋላዬ ተከትሎ
በዚያው ቀዳዳ ወጣ፣ እንደኔው ውሃ አዝሎ።
ዳር ላይ ተቀመጥን፣ ጎን ለጎን እየተንቀጠቀጥን፤
ናሆም ፎጣ አለበሰን።

ዛሬ ጠዋት ከቦዩ ዳር፣ እግሬን አንጠልጥዬ
ልጄን አስቀመጥኩት፤
ነግሬው የማላውቀውን፣ አጎቱን፣ ስሙን፣ ታንኳዋን፣
ውሃው እየሰማ ነገርኩት።